«እንኳን ተገላገልሽ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ይናፍቀኛል

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ32 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሱን ያወቅኩት ከስድስት ዓመት በፊት በጓደኛዬ ሠርግ ላይ ነው። እኔም ሚዜ፣ እሱም ሚዜ ሆነን ተገናኘን። በሁለተኛው ዓመት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። ቀለበት አድርገናል። ሠርጉ ግን ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ ተራዘመ።

መትቶኝ አያውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። እጁን አያነሳም፤ ያኮርፋል። አንድ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ፎቶዬን አይቶ 11 ቀን አላናገረኝም። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ 11 ቀን። በ12ኛው ቀን ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ይቅርታ ጠየቅኩት። በማግስቱ ማኪያቶና ኬክ ይዞልኝ ቢሮ ድረስ መጣ። የቢሮ ልጆች «ታድለሽ» አሉኝ። እውነቴን ነው የምልዎ፣ የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከቤት ስወጣ «ፎቶ ላኪ» ይለኛል። የት እንዳለሁ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ስንት ስኒ እንዳለ የሚያሳይ ፎቶ። መጀመሪያ ፍቅር መስሎኝ ነበር። እያደር ጓደኛ አግኝቶ ያን ሁሉ ከማስረዳት መቅረቱ ቀለለኝ።

የወጣሁት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። እህቴ ወልዳ አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ሕፃኗን እንደታቀፍኩ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። የላክሁለት ፎቶ የለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ ቁልፉን ከውስጥ በሩ ላይ ሰክቶታል። ባንኳኳ ዝም። ብጠራው ዝም። መብራቱ ግን በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር። ጎረቤት አደርኩ። ጠዋት በሩን ከፍቶ «ቁርስ አልሠራሽም እንዴ?» አለኝ። በቃ ይቺው ናት። ከዚያ የባሰ ስንቱን አልፌ፣ በዚህች ሄድኩ። ሥራ ሲወጣ ራይድ ጠርቼ በሁለት ሻንጣ እናቴ ቤት፣ ኮልፌ ገባሁ።

ይኸው አራት ወር አለፈኝ። ያየኝ ሁሉ «እንኳን ተገላገልሽ» ይለኛል። እናቴ ስለቷን አስገብታለች። እኔ ግን ይናፍቀኛል። ለማን ልንገር? ለእህቴ ብነግራት ታብዳለች። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። እጄ ስልኬን አንስቶ፣ ጠረጴዛውን ፎቶ አንስቶ፣ ልልክ ስሙን ስፈልግ ነው የነቃሁት። ስልኩን እንደያዝኩ ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

በፋሲካ ዋዜማ በቴሌግራም «እንኳን አደረሰሽ። አንድ ቀን ቁጭ ብለን እናውራ። ይቅር ተባብለን በሰላም እንለያይ» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም። ግን በቀን አሥር ጊዜ እከፍተዋለሁ። በሱ ስም በገባነው እቁብ ውስጥም የኔ ድርሻ 120,000 ብር አለ። እናቱ ደግሞ እግራቸውን ያማቸዋል። በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፣ «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ «ልጁ እኮ ከስቷል» ይሉኛል።

ጤነኛ ነኝ ወይ? ላግኘው? ከእናቱስ ልቆረጥ?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከኮልፌ

መልስ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደማንኛውም ደብዳቤ። ቀጥሎ የበሩን ነገር ደግሜ ለማየት። በመጨረሻ ያቺን ማኪያቶ ፈልጌ።

«መትቶኝ አያውቅም» ብለሽ ነው የጀመርሽው፤ ልክ የሱ ጠበቃ እንደሆንሽ። ሰዎች ይህን ቀድመው የሚጠይቁሽ ክፉ ሆነው አይደለም። ሰንበር ለዓይን ይታያል፣ ለሽማግሌ ይነገራል፣ ሐኪም ይጽፈዋል። በበር ሥር የሚታይ መብራት ግን ማን ይጽፈዋል? ውስጥ ያለው ሰው ነቅቷል። ስታንኳኪ ይሰማል። ስሙን ስትጠሪ ይሰማል። ተነስቶ አይከፍትም። ጠዋት ደግሞ ስለ ቁርስ ይጠይቃል። ሳነበው እኔን በረደኝ፤ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። «በዚህች ሄድኩ» ስትዪ በትንሽ ነገር የወጣሽ አስመስለሽዋል። ትንሽ አልነበረችም። ስድስቱ ዓመት በሙሉ በአንድ ሌሊት ተጠቅልሎ የታየባት ናት።

ዘንድሮ ልጆቹ «ቶክሲክ» የሚሏት ቃል አለች። አልጠላትም። ግን ነገሩ ጠርሙሱ ላይ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት የሚመጣ ታስመስላለች። እናቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ይሻለኛል። «ፎቶ ላኪ» መጀመሪያ ፍቅር ነበር። ከዚያ ልማድ ሆነ። ከዚያ ግዴታ። ቀጥሎ ጓደኞችሽ አንድ በአንድ ሄዱ፤ እሱ «ተያቸው» ሳይልሽ፣ ራስሽ ደክሞሽ ተውሻቸው። ይህን ያነሳሁት እንድትጸጸቺ አይደለም። «እንዴት እስከዛሬ አልነቃሁም?» እያልሽ ራስሽን የምትቀጪ ከሆነ፣ ውሃው እያሳሳቀሽ እንደነበር እንድታስታውሺ ነው።

አሁን ወደ «ተገላገልሽ» ልምጣ። ይህ ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከመከራ የወጣችም ተገላገለች፣ የወለደችም ተገላገለች። ግን ወልዳ የተገላገለችውን በማግስቱ ተነስተሽ እንጀራ ጋግሪ አንላትም። ትተኛለች። ገንፎ ይገነፋላታል፣ አጥሚት ይሠራላታል። ያለምክንያት ብታለቅስ «አራስ ናት» ተብሎ ይታለፋል። ክርስትናው እስኪደርስ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ ቤቱ በሷ ልክ ይሄዳል። ደስታና ሕመም አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ ማንም አይደንቀውም። አንቺን «ተገላገልሽ» ያሉሽ ሰዎች ግን ዕልል ብለው ሲያበቁ አራስነቱን ነፈጉሽ። የምሥራቹን ሰምተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እናትሽም ቢሆኑ። ስለታቸውን ማስገባታቸው አንጀት ይበላል፤ እናት ናቸው። ግን አስቢው፤ እሳቸው የተሳሉት እንድትወጪ ነው። አንቺ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ በልብሽ የተሳልሽው እሱ እንዲሻለው ነበር። የእሳቸው ሰመረ። የአንቺ ሳይሰምር ቀረ። ታዲያ በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ ስታመሰግን አንዷ ብታለቅስ ምን ይገርማል?

ስለዚህ «ጤነኛ ነኝ ወይ?» ላልሽው፣ አዎ፣ ነሽ። እንዲያውም ለምን እንደሚናፍቅሽ ላስረዳሽ፤ ነገሩ ካንቺ ጥንካሬ ወይም ድክመት ጋር ብዙም አይገናኝም።

ሰፈርሽ ውስጥ ቤቲንግ ቤት አይጠፋም ነበር። በር ላይ ትኬት ይዘው ይውሉ የነበሩትን ልጆች አይተሻቸዋል። ያ ልጅ ሁልጊዜ ቢከስር ኖሮ በሳምንቱ ይተወው ነበር። ተቸክሎ የሚቀረው አልፎ አልፎ ስለሚደርሰው ነው። መቼ እንደሚደርሰው ደግሞ አያውቅም። ዛሬ ሊሆን ይችላል። ከ11 ቀን ኩርፊያ በኋላ የመጣችው ማኪያቶና ኬክ ያቺ የደረሰች ትኬት ናት። በየቀኑ ማኪያቶ የሚያመጣ ሰው ቢሆን «አመሰግናለሁ» ብለሽ ትጠጫት ነበር እንጂ «ደስታዬ ልክ አልነበረውም» ብለሽ ከዓመታት በኋላ አትጽፊልኝም።

ዶናልድ ደተንና ሱዛን ፔይንተር የሚባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ብለው ይዘውት ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ያነሱት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል አንዱ የበላይ ሲሆን፣ ክፋቱና ደግነቱ ደግሞ እየተፈራረቀ ሲመጣ፣ የተጎዳው ሰው ይበልጥ ይጣበቃል። ቋጠሮውን የሚያጠብቀው መፈራረቁ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ እንዲህ ካለ ሕይወት በቅርብ የወጡ 75 ሴቶችን ተከታተሉ። ከመካከላቸው እንዳንቺ ያልተመቱ፣ በመንፈስ ግን የተጎዱ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲጠይቋቸው፣ ለቀድሞ ሰዋቸው ያላቸው ቁርኝት ቀንሶ ነበር። በስንት ይመስልሻል? በ27 በመቶ ገደማ። ከሩብ ትንሽ በለጥ ማለት ነው። በስድስት ወር!

አንቺ ገና በአራተኛ ወርሽ «ለምን አልጠፋም?» እያልሽ ራስሽን ትገርፊያለሽ። በርግጥ ሰው እንደ ወለድ ሒሳብ አይሰላም፤ ይህን ለሒሳብ ሠራተኛ መንገር የለብኝም። ያንቺ ፈጥኖ ሊቀል ይችላል፣ ሊዘገይም ይችላል። ብቻ ናፍቆቱ መኖሩ የመውጣትሽን ስህተትነት አያሳይም። ይቺን ብቻ ያዢልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። የሚናፍቅሽ የቱ ነው? ሳቁ ነው? የሚነግርሽ ወሬ? ወይስ ኩርፊያው ሲፈታ፣ ስምሽን ደግሞ ሲጠራሽ፣ ደረትሽ ውስጥ የሚለቅሽ ያ ነገር? ሦስተኛው ከሆነ ስሙ እፎይታ ነው። እፎይታ ከፍቅር ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ብዙዎቻችን ተሳስተንበታል። መጀመሪያዎቹ ከሆኑ ደግሞ እነሱም እውነት ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ደግ ቀን አልነበረም ብለሽ እንድትምዪ አልጠይቅሽም። ደግ ቀኖቹ ያንቺም ናቸው፤ ለሱ ጥለሽለት መሄድ የለብሽም።

ስለዚያች ፎቶ። አታጥፊያት። በእጅሽም አትናደጂ፤ ስድስት ዓመት የሠለጠነ እጅ ነው፣ በሥልጠናው መሠረት ሠራ። እንዲህ አድርጊ። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ክፈቺና እጅሽ ወደዚያ በሄደ ቁጥር ቀኑን ብቻ ጻፊ። ሚያዝያ ይህን ያህል፣ ካፌ። ሚያዝያ ይህን ያህል፣ ታክሲ ውስጥ። አስተያየት የለም፣ ለራስ ስድብ የለም። በቀኖቹ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ሲሄድ በዓይንሽ ታይዋለሽ። አንቺ መቼም ቁጥር ማንበብ ታውቂበታለሽ።

እዚያው ማስታወሻ ላይ የታኅሣሥን ሌሊት ጻፊው። ለኔ በጻፍሽልኝ ስድስት መስመር አይደለም፤ ሙሉውን። ምን ለብሰሽ ነበር? ስንት ጊዜ አንኳኳሽ? ጎረቤቷ በሩን ስትከፍትልሽ ምን አለችሽ? ትዝታ አድልዎ ያደርጋል። ማኪያቶውን ያስቀርና በሩን ይደብቃል። «የቴሌግራሙን መልእክት አትክፈቺ» አልልሽም፤ ብልሽም ትከፍቺዋለሽ። ግን ከመክፈትሽ በፊት ያቺን ጽሑፍ አንብቢ። በቀን አሥር ጊዜ ከሆነ አሥሩንም ጊዜ።

ላግኘው ወይ ላልሽኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ይህንኑ ብትጠይቀኝ «አግኝተሽው ልብሽን አሳርፊ» ብዬ መለስኩላት። የጨዋ ምክር መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ መልሳ ጻፈችልኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጠው አወሩ። ስትነሳ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ነበረች። ለምን እንደጠየቀች እሷም አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ምክር ከመስጠቴ በፊት ምላሴን እነክሳለሁ።

እስቲ ባዶ ወረቀት ያዢ። ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ እሱ እንዲልሽ የምትፈልጊውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። አንድ ብቻ። ምናልባት «ያን ሌሊት በሩን መክፈት ነበረብኝ» የሚል ይሆናል። ከጻፍሽው በኋላ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር ከአፉ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ አስቢ። መልእክቱንም ደግመሽ እዪው። «ይቅር ተባብለን» ነው የሚለው። «ይቅር በይኝ» አይልም። የቃላት ሰንጣቂ ሆንኩብሽ ይሆናል፤ ግን «ተባብለን» ውስጥ ያንቺም ጥፋት ተቆጥሮ ገብቷል። ምን ነበር ጥፋትሽ? ባትሪ ማለቁ?

ይቅርታ ማድረግ ከፈለግሽ ማንም አይከለክልሽም። ለዚያ ግን የካፌ ጠረጴዛ አያስፈልግሽም። በጸሎትሽ ይቅር ማለት ትችያለሽ። የነፍስ አባት ካለሽ ከሳቸው ጋር መክረሽ ትችያለሽ። ነገ ባይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ትችያለሽ። ዕርቅ ሌላ ነው። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ጥፋቱን አምኖ ካሣ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። በባህላችንም ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አጠፋህ?» ተብሎ ነው። ሁለቱን አምታተሽ በይቅርታ ስም ወደ ቤቱ እንዳትመለሺ ነው ፍርሃቴ።

የኔ ሐሳብ፣ አሁን አታግኚው። «መቼም» አላልኩም፤ አሁን አልኩ። ቁርጡን ለማወቅ የሱ ንግግር ያስፈልግሻል ብዬ አላምንም። ቁርጡን ያን ቀን ጠዋት በሁለት ሻንጣ ይዘሽው ወጥተሻል። ውሳኔው ግን ያንቺ ነው። ልሂድ ካልሽ በቀን ይሁን፣ ሰው ባለበት ይሁን፣ እህትሽ የት እንዳለሽ ትወቅ፣ ስትጨርሺም የሚወስድሽ ሰው ደጅ ይጠብቅሽ። ደግሞም ሥራ ቦታሽ መመላለስ፣ መከታተል ወይም ማስፈራራት ከጀመረ ነገሩ የልብ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ያኔ መልእክቶቹን ሳታጠፊ ለቤተሰብ ትነግሪያለሽ፣ ለፖሊስ ታመለክቻለሽ። ይሉኝታ እዚያ ቦታ የለውም።

የእቁቡ ገንዘብ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ለመገናኘት ሰበብ እንዳይሆንሽ ብቻ ተጠንቀቂ። የከፈልሽበትን የባንክና የቴሌብር ማስረጃ አውጪ። የእቁቡን ጸሐፊ አግኝተሽ መዝገቡ ላይ ምን እንዳለ ጠይቂ። ከዚያ አጎትሽም ይሁን ታላቅ ወንድም፣ እሱ የሚያከብረው አንድ ሰው መካከል ይግባ። እንቢ ካለ ሕግ አለ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩ ሰዎችም ቦታ ሰጥቷል። አብሮ መኖሩ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት እንደ ጋራ ሀብት የሚታይበት መንገድ አለ። እናንተ አራት ዓመት ኖራችኋል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ሄደሽ ጉዳይሽን አስረጂ። 120,000 ብር ላብሽ ነው። «ገንዘቡን ትቼለት በሰላም ልኑር» የምትል ሐሳብ ከመጣችብሽ፣ ያቺም ያ የድሮው እጅ እንዳትሆን ጠርጥሪያት።

እናቱ ግን። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሰው ሲለያይ ከአንድ ሰው ብቻ የሚለያይ ይመስለናል። እኛ አገር ግን ከአንድ ሰው ጋር ሲለያዩ ከአንድ ቤት ጋር ነው። ከእናቱ ቡና፣ ከእህቶቹ ጨዋታ፣ በዓል ሲመጣ ከምትቀመጪባት ወንበር። እኒህ ሴት «ልጄ» ሲሉሽ እውነታቸውን ይመስለኛል። «ልጁ እኮ ከስቷል» ሲሉም እውነታቸውን ነው፤ እናት ስለ ልጇ ሌላ ምን ትላለች? ተልከው ነው ብዬ አልጠረጥርም። ግን ሳይላኩም መልእክት ያደርሳሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማታውን እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?

መቆረጥ የለብሽም። በር ያለው ዝምድና ግን አድርጊው። በሚቀጥለው ሲደውሉ እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ እርስዎን እወድዎታለሁ፣ ስለ እግርዎ ሁልጊዜ መስማት እፈልጋለሁ። ስለሱ ግን እንዳናወራ ይፍቀዱልኝ፤ ይከብደኛል።» ይከፋቸው ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ላይደውሉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እግራቸው ብቻ ሊያወሩሽ ከቻሉ፣ ፍቅራቸው ካንቺው ጋር ነበር ማለት ነው፤ እሱ ሥራ በሚሆንበት ቀን ብርቱካን ይዘሽ ብቅ በይ። ወሬው እየዞረ እሱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ለጥቂት ወራት ስልኩን አርግቢው። አይጠፉም። አንቺም አትጠፊ።

የጓደኞችሽን ነገር ልረሳው ነበር። ያቺ ሚዜ የሆንሽላት ልጅ የት ናት? ትዳሯ ደህና ነው? ስድስት ዓመት የጠፋ ሰው «ምን ብዬ ልመለስ?» ብሎ ይፈራል። ሁሉንም ማስረዳት የለብሽም። «ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቡና ልምጣ?» ብለሽ ጻፊላት። ሰው ብዙውን ጊዜ ካሰብነው በላይ ይቅር ባይ ነው። ካኮረፈችሽም አንድ ጊዜ ታኮርፍሽ፣ መብቷ ነው፤ ለ11 ቀን ግን አይመስለኝም።

ለእህትሽም ንገሪያት። «ታብዳለች» ብለሻል። ትበድ። ግን እንዲህ ብለሽ ጀምሪላት፦ «ልመለስ አይደለም። ምክርም አልፈልግም። ዝም ብለሽ ስሚኝ።» ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ሲነገረው ይቀለዋል። እሷ ደግሞ በቅርቡ ወልዳለች፤ ያለምክንያት ማልቀስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው አሁን ነው።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሥራ ላይ ቁጥሮቹ ከተደበላለቁብሽና ይህ ለሳምንታት ከቀጠለ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም እዪ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሳምንት አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ለእህትሽ ንገሪና ወደ ሐኪም ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤልን ጨምሮ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። ስሙን ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ጥርስ ሲያም ሐኪም ጋ መሄድ ያላሳፈረን ሰዎች ለዚህኛው ለምን እንደምንደበቅ እስካሁን አልገባኝም።

በመጨረሻ ያ የፋሲካ መልእክት። ሳይመለስ ሲቀር በቀን አሥር ጊዜ የሚያስከፍትሽ፣ ጥያቄው ተንጠልጥሎ ስለቀረ ይመስለኛል። ከፈለግሽ ዝጊው። እንዲህ ብለሽ፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን። መገናኘት አልፈልግም። የእቁቡን ጉዳይ ከአጎቴ ጋር ጨርሱ። ደህና ሁን።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አትጨምሪ፤ ምክንያት አትስጪ። ምክንያት ከሰጠሽ ይከራከርሻል፣ ከዚያ 12ኛው ቀን ይመጣል።

ይህን የምትልኪው ግን እህትሽ ቤት ሆነሽ ይሁን። ላኪው፣ ከዚያ ስልኩን ለእህትሽ ስጪያትና ሕፃኗን ተቀበያት። አሁን አራት ወሯ አይደል? አንገቷን ችላ፣ ሰው ስታይ መሳቅ ጀምራለች። የፈለግሽውን ያህል ታቀፊያት። ባትሪው ካለቀም ይለቅ።